ከገላን ካዛንቺስ፦ ልጅ ልንጠይቅ ወደ ፈረሰ ቤት

ገላን፣ ጎሕ ሲቀድ

ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥቼ ከረባት አሰርኩ። እሑድ ጠዋት ገላን ውስጥ ከረባት የሚያስር ሰው ወይ ሚዜ ነው ወይ ለቅሶ አለበት። እኔ ሁለቱም አይደለሁም፤ ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ ልጅ ልጠይቅ ነው። እግረ መንገዴን ደግሞ ቱሪስት ነኝ።

ይህን ዓምድ የምታነቡ እንደምታውቁት ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ከጥቂት ጎረቤቶቻችን ጋር ገላን ኮንዶሚኒየም ገባን። ከዚያ ወዲህ ካዛንቺስ ለእኛ እንደ ላሊበላ ሆናለች፤ ቀን ተቆርጦ፣ ጫማ ተወልውሎ፣ ስልክ ቻርጅ ተደርጎ ነው የሚኬድባት። የእህቴ ልጆች እዚያ ወንዝ ዳር የተነሡትን ፎቶ ባሳዩኝ ቁጥር «ይሄኮ የእነ እንትና ሽንት ቤት ነበር» እላለሁ፤ አሁን ማሳየቱን ትተውታል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ናሆም ምሕረት የምትባል ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። መሥሪያ ቤቱ ሐዋሳ ሊያዛውረው ስለሆነ ከመሄዱ በፊት ሊያገባት ቸኩሏል። ምሕረት ግን እናቷ ካረፈች ወዲህ ከአባቷ ጋር ሁለት ብቻ ናቸው፤ አባቴ ከልቡ ወድዶ እሺ ካላለ ከአጠገቡ ንቅንቅ አልልም ብላለች። አባቷ ጋሽ ተክሌ የድሮ ጎረቤታችን ነው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ እንላክ ብለን አስጠየቅነው፤ ሁለቱንም ጊዜ «ሽማግሌ የሚመጣው ወደ ቤት ነው፤ እኔ ቤት የለኝም» ብሎ መለሰ።

ቤትስ አለው። ከእኔ ሕንፃ ሁለት ብሎክ አልፎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ሸሚዙን በረንዳ ላይ ሲያሰጣ ከመስኮቴ አየዋለሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስንልክበት ግን መልሱን ቀየረ። «ልጄን የፈለገ ካዛንቺስ ቤቴ ድረስ ይምጣ። ዝግባው ሥር ይጠብቀኝ» አለ። ቤቱ የነበረበት ቦታ ዛሬ የወንዝ ዳር መናፈሻ ነው። ከግቢው ዝግባው ብቻ ነው የቀረው።

እንግዲህ ሁለት ብሎክ ተሻግሬ ደረጃ በመውጣት ፈንታ ከተማውን አቋርጬ ልሄድ ነው። ከእኔ ጋር ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው የሰፈራችን የእድር ዳኛ የነበሩት አባባ ወልዴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ራሳቸውም አያውቁትም፤ ከደምበል የተገዛላቸውን አዲስ ኮት ለብሰዋል፤ እጅጌው ላይ የተሰፋችውን የፋብሪካ ምልክት ቁረጧት ብንላቸው «ለምን? ዋናነቱ በምን ይታወቃል?» አሉ። ሁለተኛው ሐጂ ከድር ናቸው። ሱቃቸው ከጋሽ ተክሌ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ሚስቱ ያረፈች ጊዜ ሱቃቸውን ዘግተው ከድንኳኑ ያልወጡት እሳቸው ናቸው። ሁለቱንም የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በምርጫዬም ኮርቻለሁ። ጋሽ ተክሌ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች እምቢ ብሎ አያውቅም።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንደርስ ችግር ገጠመን። ከፊታችን ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ሱፉን ግጥም አድርጎ ራሱ ጋሽ ተክሌ ቆሟል። ዘወር ብሎ አየን። ከዚያ ፊቱን መለሰ።

አባባ ወልዴ ወዲያው በምርኩዛቸው ጎሸም አደረጉኝ። «አይታችሁት እንዳታዩት። ጠያቂና ተጠያቂ መንገድ ላይ አይገናኝም።»

ሦስታችንም ጀርባችንን ሰጠነው። እኔ ሰማዩን አየሁ። ሐጂ ከድር የማያውቁትን ሰው «ዝናብ ይኖር ይሆን?» ብለው ጠየቁ። ሰልፉ ወደፊት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወደ ኋላችን እየተራመድን ተከተልን።

ሚኒባስ ውስጥ

ዕጣ ፈንታ ሆኖ አንድ ታክሲ ደረሰን። ጋሽ ተክሌ ጋቢና፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠ። እኛ መጨረሻው ወንበር ላይ ተጠቅጥቀን ማጅራቱን እያየን ተጓዝን። ሐጂ ከድር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ናሆም የሚሉትን ይለማመዱ ነበር፦ ወርቅ ልጅ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ እንደ ልጄ ነው የማውቀው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያዩት፤ እሱም በፎቶ።

ሹፌሩ ወሬ የሚወድ ወጣት ነው። በስፖኪዮው አየንና «አባቶች፣ ሠርግ ነው ለቅሶ?» አለ።

«ገና አልለየለትም» አሉ ሐጂ ከድር።

መልሱ ደስ ብሎት ነው መሰለኝ ስለ ወንዝ ዳሩ ያወራን ጀመር። ዱባይ ማለት ነው በቃ አለ። እጮኛውን ወስዷት አንድ ጁስ ለሁለት ጠጥተው፣ ፎቶውን ግን እስኪጠግቡ ተነሥተው መጥተዋል። እዚያ ሄዶ ያልተነሣ ሰው አዲስ አበባ ኖርኩ እንዳይል አለ። ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ዞረ።

«ፋዘር፣ እርስዎስ አይተውታል?»

«ኖሬበታለሁ» አለ ጋሽ ተክሌ።

«እንዴ፣ ጥበቃ ነበሩ?»

«አዎ። ሚስትና ልጅ ስጠብቅ ነበር።»

ሹፌሩ ሬዲዮውን ከፈተ። ከዚያ በኋላ እስከ ስታዲየም ድረስ ስለ ዱባይ አልተነሣም።

ልንወርድ ስንል ረዳቱ ሒሳብ አልቀበልም አለን፤ የኋላው ተከፍሏል አለ። ማን ከፈለ አይባልም፤ ባርኔጣው ቀድሞን ወርዶ በሕዝቡ መሀል እየራቀ ነው። አባባ ወልዴ ደነገጡ። የልመና ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይያዝለት አይቀመጥም፤ እሺ ሳይባል ደግሞ ከተለማኙ እጅ ውኃ እንኳ አይቀምስም። የታክሲ ሒሳብ እንደ መቅመስ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? እግረኛው እየገፋን ስታዲየም አጠገብ ቆመን ተከራከርን። ሐጂ ከድር በሆድ ያልገባ ነገር መቅመስ አይባልም ብለው ፈረዱ። አባባ ወልዴም በእድር ዳኝነታቸው አጸደቁት፤ ግን ደስ አላላቸውም።

ከስታዲየም በእግር፣ ረፋድ

ጋሽ ተክሌ ቀድሞን እንዲደርስ ብለን በእግራችን ተጓዝን። ስታዲየም ዙሪያ ያው ስታዲየም ነው፤ ማልያ ሻጭ፣ ካልሲ ሻጭ፣ የስልክ ከቨር ሻጭ። ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል ሱቁ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጠቅልሎ ትከሻ ላይ ይወጣል። ወደ ባምቢስ ስንጠጋ ግን መንገዱ ሰውን እንጂ ሰው መንገዱን የሚረግጥ አይመስልም። ንጣፉ ከመወልወሉ የተነሣ አባባ ወልዴ ጫማቸውን አየት እያደረጉ ነው የሚራመዱት። የብስክሌት መንገድ አለ፤ ብስክሌት አላየሁበትም፤ ብስክሌት ላይ ሆነው ፎቶ የሚነሡ ግን ተሰልፈዋል። ብስክሌቷ አንድ ናት፤ በተራ ነው።

የቀድሞ ቤቶቻችንን በየተራ እየጠራን አለፍን። የእነ እትዬ በላይነሽ ጠላ ቤት፣ አሁን የሣር ክብ። የልብስ ሰፊው ደሳለኝ ቤት፣ አሁን የመብራት እንጨት። አባባ ወልዴ እያንዳንዱ ጋ ቆም እያሉ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። መንገደኞች እኛን ሲያዩ አንገታቸውን ዝቅ ያደርጉ ጀመር፤ ምን እንደመሰልናቸው እንጃ።

አንድ ወጣትና እጮኛው ፎቶ ሲነሡ በመሀላቸው ልናልፍ ስንል ልጁ በትሕትና አስቆመን። «አባቶች፣ ከኋላችን ትንሽ ቁሙልን። ማለቴ፣ የድሮ ካዛንቺስ ቫይብ አላችሁ።» ቆምንላቸው። እንግዲህ የሆነ ሰው ስልክ ውስጥ ሦስታችንም አለን፤ ከዘንባባው በስተግራ።

ወንዙ ዳር

ወንዙን ድሮ የምናውቀው በአፍንጫችን ነበር። ቤቶቻችን ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነው የተሠሩት። ክረምት ሲመጣ የሰው ድስትና የሰው ጫማ ይዞልን ይመጣል፤ በጋ ሲሆን የኛን ይወስዳል። አሁን ድንጋይ ለብሶ፣ መብራት ለብሶ፣ ሁሉም ሰው ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ይቀመጣል። በስተግርጌው ውኃው ተገድቦ ኩሬ ተሠርቷል፤ የዳክዬ ቅርጽ ያላት ጀልባ በእግር እየተመታች ትዞርበታለች። ካዛንቺስ ባሕር ኃይል ይኖራታል ብሎ ማን አስቦ ያውቃል።

እውነቱን ልናገርና፣ ያምራል። ማማሩ ነው ያናደደኝ። አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ በግማሽ ሰዓት ጽፌ እተኛ ነበር።

አባባ ወልዴ ውኃውን ትክ ብለው ካዩ በኋላ «ይሄ ወንዝ እኛ እስክንወጣ ነበር እንዴ የሚጠብቀው?» አሉ። ሐጂ ከድር ደግሞ ፍርድ አዋቂ ስለሆኑ፣ ወንዙን ያቆሸሽነው እኛ እንደነበርን፣ የሱቃቸው ካርቶን ሁሉ የገባው እዚያው እንደሆነ ተናገሩ። ቢሆንም አሉ፣ ቤት ውስጥ ሆኖ ያቆሸሸ ሰው እዚያው ሆኖ እንዲያጸዳ ቢጠየቅ ምን ነበረበት?

ዝግባው ከሩቅ ታየን። ግንዱ ላይ እስከ ቅርንጫፉ ድረስ የመብራት ገመድ ተጠምጥሞበታል። ከሥሩ ምግብ ቤት ተከፍቷል።

ምግብ ቤቱ

የምግብ ቤቱ ስም እንግሊዝኛ ነው፤ አባባ ወልዴ ሊጠሩት ሞክረው ተዉት። ጠረጴዛዎቹ ከዝግባው ጀምሮ እስከ ወንዙ አጥር ድረስ ተደርድረዋል። ዋጋውን ከደጅ ሰሌዳ ላይ አነበብኩት፤ አንድ ማኪያቶ በድሮው የቀበሌ ቤት ኪራያችን ዓመት ያኖራል። «ፊውዥን ሽሮ» የሚል አለ። አስተናጋጇን ምን እንደሆነ ብጠይቃት ያው ሽሮ ነው፣ ግን ሳህኑ ትልቅ ሆኖ ሽሮው ትንሽ ነው አለችኝ። ቅንነቷን ወደድኩላት።

ጋሽ ተክሌ ገና አልታየም። ዝግባው ሥር ቆመን ጠበቅን። አስተናጋጇ ፈገግ ብላ መጣች፤ ቴብል ይዛችኋል ወይ አለች። አልያዝንም፤ ቆመን ነው የምንጠብቀው አልናት።

«ቁጭ በሉ እንጂ ፋዘር። ሜኑውን በስልክ ስካን ታደርጉታላችሁ።»

«እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉ አባባ ወልዴ።

«እሺ። እሺ ቁጭ በሉ።»

«አንቺ አይደለሽም የምትይው፣ ልጄ።»

ልጅቷ ሄዳ ማናጀሩን ጠራችው። ማናጀሩ ከሩቅ ያየውን እኔም በእሱ ቦታ ሆኜ ባየው ያስፈራኝ ነበር። ሱፍና ከረባት የለበሱ ሦስት ሰዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንዱ ወለሉን በምርኩዝ እየመታ «ወጥ ቤቱ እዚህ ጋ፣ ሽንት ቤቱ እዚያ ጋ ነበር፤ ማን ነው ያነሣው?» ይላል። ሌላው ለጋዜጣው የሚሆነውን በስልኩ ይጽፋል። ሦስተኛው ጢሙን እያሻሸ ጣራውን ያያል። ማናጀሩ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣን ሳይጠይቅ ገባው፤ የገባው ግን ሌላ ነው፤ ተቆጣጣሪዎች አድርጎናል።

ጁስ ላከልን። መለስነው። ዓሣ ላከልን። ሐጂ ከድር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጉዳያችን ሳያልቅ የሰው ነገር ብንቀምስ ነውር ነው አሉ። የማናጀሩ ግንባር አላበው። በዚህ ከተማ ግብዣ የሚቀበል ተቆጣጣሪ ያስፈራል፤ ግብዣ የማይቀበል ግን ቤት ያዘጋል።

«ጉዳዩ ምን እንደሆነ ለእኔ ብትነግሩኝ» አለ።

አባባ ወልዴ ጉዳዩ የሚነገረው ለባለቤቱ ብቻ እንደሆነ፣ ባለቤቱም ቀጠሮ ይዞ እየመጣ እንደሆነ ገለጹለት። ማናጀሩ ስልኩን ይዞ ወደ ጓዳ ሮጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አየሁ፤ ወጥ ሠሪዋ ፀጉሯን ሸፈነች፣ ፍሪጁ ውስጥ የነበሩ ጠርሙሶች በካርቶን ተጭነው ወጡ፣ የእግረኛውን መንገድ የያዙት ሁለት ጠረጴዛዎች ወደ ውስጥ ተሳቡ። አንድ ቃል ሳንናገር፣ በመቆም ብቻ፣ የከተማውን ደንብ አስከበርን።

ሳሎን

ጋሽ ተክሌ በወንዙ በኩል መጣ። ሰላም አላለንም። በገመድ የታጠረውን ሣር ተሻግሮ ከዝግባው ባሻገር ሄዶ ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ። ልንጠጋው ስንል እጁን አነሣ።

«በግድግዳ አይገባም። በሩ እዚያ ነው።»

በሩ በቆሻሻ መጣያውና በመብራቱ እንጨት መሀል ነበር። ዞረን ሄድን። እውነትም ደጁ እዚያ ነበር፤ እግራችን ያውቀዋል። በዚያ በኩል ሣሩን ረግጠን ገባንና ፊት ለፊቱ ተሰልፈን ቆምን። ያኔ ፊሽካ ተነፋ።

ጥበቃው ከገጠር ከመጣ ብዙ ያልቆየ ጎልማሳ ነው፤ እየሮጠ መጥቶ ሣሩ ላይ መቆም ክልክል ነው አለ።

«ሣር አይደለም» አለው ጋሽ ተክሌ። «ሳሎን ነው።»

ጥበቃው ዙሪያውን ቃኘ። ወደ ጎን ወስጄ ልጅ ልንጠይቅ እንደመጣን፣ የልጅቷ አባት ይህ ሰውዬ እንደሆነ፣ ቤቱም እዚህ እንደነበር ነገርኩት። ኮፍያውን አስተካከለ። ፊሽካውን ኪሱ ውስጥ ከተተና «ሽማግሌ ቆሞ ፊሽካ አይነፋም» አለ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፤ ሌላ ሰው እንዳይገባም ጠበቀልን። በዚያ ሳሎን በር ላይ ዘበኛ ሲቆም የመጀመሪያው ነው።

አባባ ወልዴ እግዚአብሔርን አመስግነው፣ ሰፈሩን አስታውሰው፣ ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ። ሐጂ ከድር በታክሲ የተለማመዱትን ወርቅ ልጅ አወረዱት። እኔ ስለ ሥራው፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ወላጆቹ ተናገርኩ። ጋሽ ተክሌ ራሱን እየነቀነቀ ሰማን። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ነው ያሳሰበኝ።

«ልጁን ስሙን ሰምቻለሁ፤ ክፉ አልሰማሁበትም» አለ። «ግን ለዚህ መልስ የሚሰጠው ተማክሮ ነው።»

«ደንብ ነው። ተማከርና ቀን ስጠን» አሉ አባባ ወልዴ።

«ከማን ጋር?»

አባባ ወልዴና ሐጂ ከድር ተያዩ።

«ሽማግሌ ይመጣብሃል ሲሉኝ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ከጎኔ የሚቆመው ማን ነው እያልኩ አሰብኩ። ወንድም የለኝ። አባባ ወልዴ አሉ አልኩ። ሐጂ አሉ አልኩ። የቀረው ቢበተንም እነዚህ አሉ አልኩ። ምሕረትን ያሳደጓት ናቸው፣ ጠይቀው ያጣሩልኛል፣ ካልሆነም እምቢ ይሉልኛል አልኩ። ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዞር ስል ከኋላዬ ቆማችኋል። ልጠራችሁ ስል ጀርባችሁን ሰጣችሁኝ።»

እምቢ ሊላቸው የማይችላቸውን ሰዎች መርጬ ነበር። የሚያማክራቸው ሰዎችም እነሱው ብቻ ነበሩ። ገላን ከገባ ጀምሮ ቡና ጠጡ ብሎ እሱ የጠራው ሰው የለም፤ እሱን የጠራውም የለም። ያሉትን ሁለቱን እኔ ሰብስቤ በተቃራኒ በኩል አሰለፍኩበት። ብልጠት አልኩት እንጂ ዝርፊያ ነው። አፈርኩ።

ሐጂ ከድር ጎንበስ አሉ። የወደቀ ነገር የሚያነሡ መስሎኝ ነበር። ጫማቸውን እያወለቁ ነው። ድሮ ጋሽ ተክሌ ቤት ሲገቡ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ጫማ ማውለቅ ልማዳቸው ነበር። በካልሲያቸው ሣሩን ተራመዱና ከጋሽ ተክሌ ጎን ሄደው ቆሙ። ወደ እኛ ዞሩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህ፣ ማን ናችሁ? ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?»

አባባ ወልዴ እኔን አዩኝ፣ እነሱን አዩ። «እኔ ምን ልሁን ብዬ ነው የወንድ ወገን የሆንኩት» አሉና ምርኩዛቸውን እየተከሉ እሳቸውም ተሻገሩ። ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ብቻዬን ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የወረደብኝን መዓት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከደቂቃዎች በፊት ናሆምን ወርቅ ያሉት ሐጂ ከድር ይህ ናሆም የተባለ ሰው ማን ነው፣ እኛ አናውቀውም አሉ። ይጠጣል ወይ? በመጠኑ አልኩ። መጠኑን ማን ለካው? ሲናደድ ምን ያደርጋል? ዝም ይላል። ዝም የሚል ሰው አደገኛ ነው አሉ አባባ ወልዴ። ሐዋሳ ወስዶ ሊያስቀርብን ነው ወይ ሲሉኝ ለበዓል ይመጣሉ አልኩ። ለበዓልማ ቆዳ ገዢም ይመጣል ተባልኩ። እህቴ ይህን ሁሉ ብትሰማ ልጇን ራሷ ትከለክል ነበር።

ጋሽ ተክሌ አንድም ቃል አልተናገረም። በሁለቱ መሀል ቆሞ አንዴ ወደ ቀኙ፣ አንዴ ወደ ግራው ያያል። ትከሻው ከጠዋቱ ይልቅ ሰፍቶ ታየኝ።

«ውጪ ጠብቀን» አሉኝ አባባ ወልዴ። «እንመካከራለን።»

በበሩ ወጣሁ። ሦስቱ ዝግባው ሥር ራስ ለራስ ገጠሙ። ወንዝ ዳር ለመዝናናት የወጣ ሕዝብ በአጠገቤ ያልፋል፣ ጀልባዋ ትዞራለች፣ አስተናጋጇ ከሩቅ ታየኛለች፤ እኔ ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ ከረባቴን እየነካካሁ ለሰው ልጅ ዕድል እጸልያለሁ። ጥበቃው አዘነልኝና «እምቢ ካሉ ሁለተኛ ይላካል» ብሎ አጽናናኝ።

በመጨረሻ ጋሽ ተክሌ ራሱ ጠራኝ። ገባሁ። ሲመረምረኝ ቆየ።

«ቁጭ በል» አለኝ።

ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እንደዚያ ቀን መቀመጥ ጥሞኝ አያውቅም።

ምሳ

አሁን መቅመስ ይቻላል። አራታችን ወደ ጠረጴዛ ስንሄድ ማናጀሩ በሩ ላይ ተቀበለን፤ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፤ በሌላኛው ጫፍ እውነተኛው ባለቤት ከውጭ አገር ይጮኻል። ጉዳያችን በሰላም ማለቁን፣ ልጅ ልንጠይቅ መጥተን እሺ መባላችንን አባባ ወልዴ በኩራት ነገሩት። ሰውየው ስልኩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ዓሣው የት እንደገባ እንጃ፤ ከዚያ በኋላ አላየነውም። ሁለቱ ጠረጴዛዎችም ወደ እግረኛው መንገድ ተመለሱ።

ፊውዥን ሽሮ አዘዝን፤ ሽሮ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ይሆናል። ሳህኑ እንደተባለው ትልቅ ነው። እንጀራው እንደ ካልሲ ተጠቅልሎ በዘንቢል መጣ። ጋሽ ተክሌ በሽሮው ዙሪያ በኬቻፕ የተሣለውን ጌጥ በጣቱ ጠርጎ ለሐጂ ከድር የመጀመሪያውን ጉርሻ ሰጠ፤ ለአባባ ወልዴ ሁለተኛውን። እኔን ዘለለኝ። የወንድ ወገን ነኛ፤ ቅር አላለኝም።

መመለሻ

ከሰዓት በኋላ ከስታዲየም ሚኒባስ ያዝን። የሴት ወገኖች ኋላ አንድ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ጋቢና ገባሁ። ሒሳብ ልከፍል ስል ሐጂ ከድር ከኋላ «የእሱን እንዳትቀበሉ» ብለው ጮኹ። እናንተ ከከፈላችሁልኝ እንደ መቅመስ አይቆጠርም ወይ ብዬ ተከራከርኩ፤ ማንም አልሰማኝም።

ሳሪስን ስናልፍ ጋሽ ተክሌ ስልኩን አወጣ። ጆሮው ትንሽ ስለሚያስቸግረው በስፒከር ነው የሚያወራው፤ ታክሲው በሙሉ ሰማ። ሹፌሩም ሬዲዮውን ቀነሰ።

«ምሕረት፣ የመጡትን አነጋገርኳቸው» አለ። «ጎረቤቶቼን አማከርኩ፤ እሺ በል አሉኝ። እሺ ብያለሁ።»

ለቅሶዋ በስፒከሩ መጣ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ የማታውቃትን ልጅ አብራ አለቀሰች። ምሕረት ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ «አባዬ» አለች፣ «የትኞቹ ጎረቤቶች?»

በስፖኪዮው አየሁት። አባባ ወልዴ ትከሻው ላይ አንቀላፍተዋል። ሐጂ ከድር መስኮቱን ተደግፈው ጫማቸውን እንደገና አውልቀዋል። ጋሽ ተክሌ አባባ ወልዴን እንዳይቀሰቅስ ብሎ ስልኩን ወደ አፉ አስጠጋው።

«ማታ ይዣቸው እመጣለሁ» አላት። «ቤቱን ጠረግ ጠረግ አድርጊው።»